አቡጊዳ በስፓኒሽ

ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ውስጥ አያልነሽን የማያውቅ ሐበሻ ካለ ወይ ትናንት የገባ ነው፣ ወይ ከቤቱ የማይወጣ ነው። ቻምበርስ ሮድ ላይ ካሉት አፓርታማዎች በአንዱ መኖር ከጀመረች ብዙ ዓመት ሆኗታል። አጭር ናት፤ ድምጿ ግን ከቁመቷ ይበልጣል። ሜክሲኳውያን ጎረቤቶቿ «ላ ኩባና» ይሏታል፣ ኩባዊቷ ለማለት። ሐበሻ ነኝ ብላ ስንት ጊዜ ነገረቻቸው፤ ማን ሰምቷት። አፏን ስትከፍት የሚወጣው የኩባ ስፓኒሽ ነው፣ የቃሉን ጭራ ዋጥ የሚያደርገው፣ አውቶቡስን «ጓጓ» የሚለው። እነሱ ይስቃሉ፣ እሷም አብራ ትስቃለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ ወታደር ነበር፤ ኦጋዴን ዘምቶ እዚያው ቀረ። እናቷም ቀደም ብላ ሞታ ስለነበር፣ ገና የወተት ጥርሷን ነቅላ ያልጨረሰችው ልጅ ከሌሎች የወታደር ልጆች ጋር ከሐረር ተነስታ በመርከብ ኩባ ገባች። እዚያ ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን ብርቱካን ለቀማ ነው። ስፓኒሹን እንደ ውሃ ጠጣችው። አድጋ አዲስ አበባ ስትመለስ ግን ስፓኒሽ ማን ይፈልጋል? ሱቅ ውስጥ ተቀጥራ ጨርቅ ሸጠች፣ አገባች፣ ፈታች፣ በመጨረሻ ዲቪ ደረሳትና ዴንቨር ገባች። ያ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ቋንቋ እንጀራ ሊሆናት እንደሚችል የገባት አየር ማረፊያው ውስጥ ዊልቸር ስትገፋ ነው። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከሜክሲኮ የሚመጡ አሮጊቶች እስከ መውጫው በር ድረስ የልጅ ልጆቻቸውን ፎቶ ያሳዩዋታል፣ ሲለዩዋትም ይመርቋታል።

ከዚያ ወደ ትምህርት ቤት ተሻገረች። መጀመሪያ ካፌቴሪያ፣ ቀጥሎ ረዳት መምህርት፤ ጎን ለጎን ኮሌጅ እየተማረች ቆይታ ፀጉሯ ከሸበተ በኋላ የራሷን ክፍል ተረከበች። አንደኛ ክፍል ነው፣ ሎውሪ በሚባለው ሰፈር ባለ ትምህርት ቤት፣ ልጆች ማንበብን በመጀመሪያ በስፓኒሽ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ የሚማሩበት። በሩ ላይ ስሟን ተጽፎ ስታየው ቆማ ፎቶ አነሳችው። እኔም ብሆን አነሳ ነበር።

ታዲያ በዚያው ሰሞን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ እንዳልክ የሚባል ኡበር የሚነዳ ጎልማሳ፣ ሴት ልጁን ይዞ ቀረባት። ልጅቷ ሔቨን ትባላለች፤ አንደኛ ክፍል መግቢያዋ ነው። እሱ ቀኑን ሙሉ ከአየር ማረፊያ ሰው ያመላልሳል፣ ባለቤቱ ሔለን የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ልጄን እንግሊዝኛው ክፍል ላስገባት ወይስ እርስዎ ጋ፣ ብሎ ጠየቃት። ቤት ውስጥ ስፓኒሽ የሚናገር ሰው እንደሌለም አልደበቀም። አያልነሽ አላንገራገረችም።

«ስጠኝ» አለችው። «በኔ ይሁንብህ። ይቺ ልጅ የበረዶው ወራት ሳይወጣ በስፓኒሽ ታነብልሃለች።»

እንዳልክ በዚህ ቃል ላይ ልጁን አስመዘገበ። ሾፌሮቹ አየር ማረፊያው አጠገብ ተራ በሚጠብቁበት ፓርኪንግ ወሬው ሲሰማ ያልሳቀበት የለም። ልጅህ አማርኛውን እንኳ ሁለት ቃል አጋጥማ አትጨርስም፣ ስፓኒሽ ምን ሊያደርግላት ነው፣ ታኮ ልትሸጥ ነው ወይ፣ እያሉ ተጫወቱበት። እሱ ሰው አክባሪ ነው፣ አብሯቸው ፈገግ አለ። ነገሩ ግን ሆዱ ገብቷል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ትምህርት ቤቱ ደንብ አለው። ጃንዋሪ ላይ፣ ከገና ዕረፍት መልስ፣ ልጆቹ አንድ በአንድ በስፓኒሽ እንዲያነቡ ይደረጋል። ማንበብ ያልጀመረ ልጅ ወደ እንግሊዝኛው ክፍል ይዛወራል። ክፉ ደንብ አይደለም፤ ልጁ በሁለት ቋንቋ መሃል ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ነው። አያልነሽ ያን ቃል ስትሰጥ ይህን ደንብ አሳምራ ታውቀው ነበር።

እንግዲህ ሥራ ተጀመረ። ስፓኒሽ ለጀማሪ የሚሰጠው በክፍለ ቃል ነው፤ ማ፣ ሜ፣ ሚ፣ ሞ፣ ሙ እየተባለ። አያልነሽ ለሥልጠና የሰጧትን መጽሐፍ ገልጣ ይህን ስታይ ልቧ ዘለለ። ይሄማ የኛው ነው! ፊደል ማለት ይሄ አይደለም እንዴ? ሰባት የለመደ ሰው አምስት ምን ያቅተዋል? ወዲያው ትልልቅ የወረቀት ቁራጮች ገዝታ፣ የማ ረድፍ፣ የፓ ረድፍ፣ የሳ ረድፍ፣ የታ ረድፍ እያለች እንደ ፊደል ገበታ በግድግዳው ላይ ደረደረችው። ቀጭን ዱላ አዘጋጀች። ዜማውንም ከሐረር አመጣችው፤ ኩባ ከመሄዷ በፊት የኔታ ፊደል ያስቆጠሯት በዚያ ዜማ ነበር።

ያ ክፍል ምን ይመስል እንደነበር ብታዩ። ጠዋት ጠዋት እነዚያ ሁሉ ልጆች ባንድ ድምፅ ሲሉት ኮሪደሩ ያስተጋባል፤ ሌሎች መምህራን በር ላይ ቆመው ያዳምጣሉ። የሁሉም መሪ ደግሞ ሔቨን ናት። ዱላውን ይዛ፣ ጉንጉኗን ወደኋላ ወርውራ፣ ከማ እስከ መጨረሻው ረድፍ ሳትሰናከል ትወርደዋለች። ስፓኒሽ በቤታቸው የሚነገር ልጆች እሷን እየተከተሉ ይሉታል። አያልነሽ ይህን ስታይ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ሚስ ሉፔ የምትባል መምህርት አለች፤ ሥራዋ የንባብ መምህራንን መርዳት ነው። አንድ ቀን ከኋላ ተቀምጣ አዳመጠችና፣ በጣም ደስ ይላል፣ ያነቡታልም አይደል፣ ብላ በጨዋ ደንብ ጠየቀች። አያልነሽ ትንሽ ከፋት። እየሰማሽ አይደለም እንዴ፣ አለቻት። ሉፔም ነገሩን አላከረረችውም።

ኖቬምበር ላይ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን የሚያዩበት ቅዳሜ ደረሰ። በዚያ ሳምንት የክፍሉ ግድግዳ ቀለም ተቀብቶ ነበርና የጥገናው ሰውዬ ወረቀቶቹን አውርዶ መልሶ ሰቅሏቸዋል። ሰውዬው ምን ያድርግ፣ ወረቀት ስቀል ተብሏል ሰቅሏል። አያልነሽም ወላጅ ስትቀበል፣ ወንበር ስታመቻች፣ ቀና ብላ ሳታየው ሰዓቱ ደረሰ። ሔቨን ዱላዋን አንስታ ወጣች። እንዳልክ ከፊት ወንበር ስልኩን ደግኖ ቪዲዮ ጀመረ።

ሔቨን ዱላውን የመጀመሪያው ረድፍ ላይ አሳረፈችና ያንን ያማረ ድምጿን ለቀቀችው፤ ማ፣ ሜ፣ ሚ፣ ሞ፣ ሙ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን ታ፣ ቴ፣ ቲ፣ ቶ፣ ቱ ነበር።

አያልነሽ ክው አለች። ሔቨን ወደ ሁለተኛው ወረደች፤ ዱላው ላ ላይ ነው፣ አፏ ፓ ይላል። ሦስተኛውም እንደዚያው። ዓይኗ አንዴ እንኳ ወረቀቱ ላይ አላረፈም፤ አባቷን እያየች ነበር የምትዘምረው። የሜክሲኮ ወላጆች እርስ በርስ ተያዩ። አንዲት እናት አፏን በእጇ ሸፈነች። ክፍሉ በሙሉ ሔቨንን ተከትሎ ያንኑ አለው። እንዳልክ ብቻ፣ ከስፓኒሹ አንድም ሳይገባው፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ አጨበጨበ፤ ከሁሉ ረዝሞ አጨበጨበ። እዚያው ወንበሩ ላይ ሆኖ ቪዲዮውን ለነዚያ ሾፌሮች ላከላቸው።

አያልነሽ በዚያ ቀን ወላጆቹን ስትሸኝ ምን እንደተናገረች አታስታውስም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ነበር የምትለው።

ሰኞ ልጆቹን ለየብቻ ጠርታ ፈተሸቻቸው። ብዙዎቹ ቢደነቃቀፉም አልወደቁም፤ ቋንቋው በቤታቸው ስላለ ከሚያውቁት ቃል እየተነሱ ይደርሱበታል። የሔቨን ግን ሌላ ነው። ሙ የሚለውን ለብቻው ጽፋ ስታሳያት ልጅቷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ከማ ትጀምርና ዜማው ሲያልቅ በአጋጣሚ ሙ ላይ ትደርሳለች። ረድፉ ሲቀየርባትም መነሻውን ስለማታውቀው ያንኑ ከማ ትጀምራለች። ልጅቷ የያዘችው ዘፈን ነው እንጂ ፊደል አይደለም። አንድም ፊደል አታውቅም! አያልነሽ ልጅቷን በፈገግታ ወደ ጨዋታ ሰደደቻትና በሩን ዘግታ አለቀሰች።

ሉፔ ያገኘቻት በዚያ ሁኔታ ላይ ነው። «አላልኩሽም» አላለችም፤ ይህን ባለማለቷ አያልነሽ እስከ ዛሬ ታመሰግናታለች። አጠገቧ በዚያ የልጅ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ይህን አሠራር ከየት እንዳመጣችው ጠየቀቻት። አያልነሽ ስለ የኔታ፣ ስለ ገበታው፣ ስለ ዜማው ነገረቻት። ሉፔ ሰምታ ስትጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ አነሳች።

«ታዲያ መምህርሽ አንቺ እየዘፈንሽ ሳይሆን እያነበብሽ መሆኑን በምን ያውቁ ነበር?»

አያልነሽ የኔታ ትዝ አሏት። ከዚያ ግንባሯን በመዳፏ መታች። አቡጊዳ!

አቡጊዳን የቆጠረ ያውቀዋል። ሀሁን ከዳር እስከ ዳር ጨርሰህ፣ አበቃሁ ብለህ ደረትህን ስትነፋ፣ የኔታ ሌላ ገበታ ያመጡልሃል። እዚህ ላይ ፊደሉ በሰያፍ ነው የሚሄደው፤ ከየረድፉ አንድ አንድ እየዘለለ፣ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ። ዜማው ይከዳሃል። ያለህ ዓይንህ ብቻ ነው። ትናንት እንደ በቀቀን ሲለፈልፍ የነበረ ልጅ ሁሉ እዚያ ላይ ኩም ይላል፤ ማንበብ የሚጀመረውም እዚያ ላይ ነው። አያልነሽ ግማሹን ከሐረር አምጥታ ግማሹን እዚያው ጥላው ነበር የመጣችው። ይህን ለሉፔ ስታስረዳት ሁለቱም ሳቁ፤ የአያልነሽ ሳቅ ግን አጭር ነበር። ጃንዋሪ ሩቅ አይደለማ።

በመጀመሪያ ግን ሌላ ዕዳ አለባት። በዚያው ቀን ከሰዓት፣ ወላጆች ልጆቻቸውን በሚወስዱበት ሰዓት፣ እንዳልክን መኪናውን ጥግ ይዞ ፓርክ እንዲያደርግ ነገረችውና በመስኮቱ በኩል ጎንበስ አለች። እሱ ገና ሲያያት ፊቱ በርቷል፤ ቪዲዮውን የፓርኪንጉ ሰዎች አይተው ዝም ማለታቸውን፣ አንዱማ የኔንም ልጅ አስገቡልኝ ማለቱን እየነገራት ነበር። ይህን እየሰሙ ማውራት እንዴት ያለ ፈተና ነው። ቢሆንም አላመነታችም።

«እንዳልክ፣ ሔቨን ማንበብ አትችልም» አለችው። «ያ የሰማኸው ዘፈን ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አስተማርኩ ብዬ ያዘፈንኳት እኔ ነኝ።»

እንዳልክ መሪውን ይዞ ወደፊት አየ። ስልኩን አነሳ። ዘወር አለና፦

«ታዲያ እትዬ፣ ቪዲዮውን ላጥፋው?» አላት።

እናንተዬ፣ ይቆጣኛል ብላ ተዘጋጅታ እንዲህ ያለ ነገር ስትሰማ ምን ትበል? ስድብ ይሻላት ነበር። አታጥፋው አለችው። ሥራ እንዳለባቸው፣ እሱም ሊያግዛት እንደሚገባ ነገረችው። እኔ ስፓኒሽ የት አውቄ አለ። አቡጊዳ ቆጥረሃል ወይ፣ አለችው። ቆጥሯል። በቃ፣ አለችው፤ ሌላ ምንም አያስፈልግህም።

በማግስቱ የግድግዳው ገበታ ወረደ። አያልነሽ ወረቀቱን በመቀስ ቆራርጣ ካርድ አደረገችው፣ በምትኩም ከየረድፉ አንድ አንድ እያነሳች በሰያፍ ደረደረች፤ ማ፣ ሴ፣ ፒ፣ ቶ፣ ሉ። ልጆቹ መጀመሪያ ግር ቢላቸውም እንደ ጨዋታ ያዙት። ሔቨን ግን ዱላውን ጣለችው። እንደዚህ አይደለም የሚባለው፣ ብላ በእንግሊዝኛ ተናገረች። ትናንት ንግሥት የነበረች ልጅ ዛሬ ከሁሉ በታች ስትሆን እሷስ ምን ታድርግ? ለብዙ ቀን አኩርፋ ሰነበተች። አያልነሽ ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቧ ትቀመጥና፣ መሃሉን በቀደደችው ካርቶን ወረቀቱን ሸፍና አንዷን ክፍለ ቃል ብቻ ታሳያታለች። ዜማው ተነፍጓት፣ ጎረቤት ፊደሉ ተሸፍኖባት፣ ልጅቷ ያቺን አንዲት ነገር ከማየት ሌላ መሸሻ አልነበራትም። አንዳንድ ቀን ታለቅሳለች። አያልነሽም በዚያን ቀን ምሳዋን ሳትበላ ትውላለች።

በሩን የከፈተው እንዳልክ ሆነ፣ ያውም ባለማወቁ። አያልነሽ የሰጠችውን ካርዶች መኪናው ውስጥ ይዟል። ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ሲወስዳት ቀይ መብራት በያዘው ቁጥር አንዱን ያነሳና ራሱ ያነበዋል። ፊደሉ የላቲን አይደል፣ እንደ እንግሊዝኛ ነዋ የሚያነበው! ሜ የሚለውን ሚ ይለዋል፣ ሚ የሚለውን ማይ። ሔቨን የመጀመሪያውን ቀን በመስኮት እያየች አሳለፈችው። ሁለተኛ ቀን ላይ አላስችል አላት። ዳዲ፣ ተሳስተሃል፣ አለችው፤ ካርዱን ነጥቃ አሳየችው። እሱም እናቴ ትሙት፣ ሚ አይደለም እንዴ፣ ብሎ ተከራከራት። ነገሩ ሲገባው ደግሞ ሆን ብሎ ይሳሳት ጀመር። አባቷን ለማረም ፊደሉን ማየት ግድ ሆነባት። ካርዱን ሁለት ሁለት እያደረገ ሲያጋጥምላት፣ ሶ ከፓ አጠገብ ሲቀመጥ ሾርባ መሆኑን አንድ ቀን ራሷ ደረሰችበት። ሶፓን ከካፌቴሪያው ታውቀዋለች። እንዳልክ ይህን እዚያው መኪናው ውስጥ ሆኖ ለአያልነሽ ደውሎ ነገራት። አያልነሽ ጎሽ አለችው፤ ሌላ ነገር ለመናገር ግን አልደፈረችም። አንዴ በደስታዋ ተታልላለቻ።

ገና አለፈ፣ ጃንዋሪ ገባ፤ ያ ቀን ደረሰ። የክፍሉ መምህርት የራሷን ልጆች አታስነብብም፤ ሉፔ ናት የምታስነብበው፣ ከኮሪደሩ ማዶ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ። ለየልጁ ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቅ አንድ ገጽ ይሰጠዋል። ሥዕሉ ከጀርባ ነው፤ ልጁ ከሥዕሉ ገምቶ እንዳይናገር። ሔቨን ተጠራች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ አየቻት፤ አያልነሽም ሂጂ አለቻት በጭንቅላቷ።

ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ቀረች። ረዳቷ ልጆቹን ይዛለች። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የምግብ ዝርዝር ደጋግማ አነበበችው። እመቤቴ፣ ለኔ ብለሽ አይደለም፣ አለች በሆዷ፤ ለዚያ በፓርኪንግ ለሚሳቅበት ሰው፣ ለዚያች ልጅ። በበሩ በኩል የሔቨን ድምፅ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም። ዜማ የለውም። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ጠፍቶ ቆየ። አያልነሽ እጇን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ቀጥሎ የሰማችው ሳቅ ነው፤ የሔቨን ሳቅ፣ ልጅ ከሆዷ የምትስቀው ዓይነት። አያልነሽ ግን አልገባትም። የሐፍረት ሳቅ ነው ብላ አሰበች፤ ልጅ ሲያቅተው ይስቃል። አለቀ ብላ ተስፋ ቆረጠች።

በሩ ተከፈተ። ሔቨን ሮጣ አልፋት ወደ ክፍሏ ገባች። ሉፔ ገጹን እንደያዘች ወጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ሥዕሉን አላሳየኋትም» አለች። «ገና ሳልገለብጠው ነው የሳቀችው።»

አያልነሽ ገጹን ተቀብላ አነበበችው። ኤል ሳፖ ሜቴ ላ ፓታ ኤን ላ ሶፓ። ጉርጡ እግሩን ሾርባው ውስጥ ከተተ ነው የሚለው። ሔቨን ቀስ እያለች፣ አንዷን ከአንዷ እያጋጠመች፣ መጨረሻ ላይ ደርሳ ዝም ብላ አሰበችው፤ ከዚያ የጉርጡ እግር ሾርባው ውስጥ ታያት። ሸምድዶ ማን ይስቃል? በዜማ ማን ይስቃል? የሳቀችው ስላነበበችው ነው። አያልነሽ እፎይ አለች፤ እንዲህ ያለ እፎይታ የራሷን ክፍል ስትረከብ እንኳ አልተሰማትም። ሉፔን አቅፋ ትከሻዋን በእንባ አራሰቻት። ሉፔም ሳፖውን ረግማ ሳቀች።

ከሰዓት እንዳልክ መጣ። መኪናውን ጥግ ፓርክ አድርጎ ወረደ፤ ፊቱን አይታ አላስጠበቀችውም፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አነበበች አለችው። ሰውየው ቆመ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው። ስልኩን ሊያወጣ ኪሱን ዳሰሰ። ሔቨን ግን አልጠበቀችውም፤ ገጹን እያውለበለበች መጥታ በስፓኒሽ አነበበችለትና ቀና ብላ አየችው። አልገባውም። እሷ ተናደደች፤ ይህን የመሰለ ነገር ሰምቶ እንዴት አይስቅም? ለአባቷ በእንግሊዝኛ እንጂ መልሳ የማታውቀው ልጅ፣ እጁን ይዛ፣ የአማርኛ ቃል እየፈለገች፦

«ዳዲ፣ ሳፖው እኮ... እግሩን... ሾርባው ውስጥ ከተተው!» አለችው።

እንዳልክ መጀመሪያ አያልነሽን አየ፣ ቀጥሎ ልጁን፤ ከዚያ ሳቀ። እዚያው ፓርኪንጉ ላይ ጉልበቱን ይዞ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ስልኩ ከኪሱ ሳይወጣ ቀረ።